ኸጣእ፦ በስሕተትና በወንጀል መካከል የቆመው የካርቱም ሐኪም

ሱዳኖች «ኸጣእ» ሲሉ ስሕተት ማለታቸው ነው። ተማሪ በፈተና ወረቀቱ ላይ የሚሠራው ኸጣእ ነው፤ ያልታሰበ ስልክ ቁጥር መደወልም ኸጣእ ነው። የአገሪቱ ሕግ ይህንኑ የዕለት ተዕለት ቃል ወስዶ፣ ሳይታሰብ በቸልተኝነት የተፈጸመን ግድያ «ቀትል ኸጣእ» ብሎ ይሰይምበታል። ጋዜጦች በበኩላቸው በሐኪም እጅ ደረሰ የተባለውን ጉዳት ሁሉ «ኸጣእ ጢቢ» ይሉታል። ግእዝ ለሚያውቅ አንባቢ የቃሉ ዘር እንግዳ አይደለም፤ የእኛ «ኃጢአት» እና «አጣ» ከዚያው ሥር የበቀሉ ናቸውና። ዒላማ መሳት፣ ማጣትና መበደል በአንድ ሥር ተጠምጥመዋል። ለቋንቋ ሰው ይህ ደስ የሚያሰኝ ግኝት ሊሆን ይችላል። በካርቱም ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሐኪም ግን ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። መርማሪው ከሦስቱ ትርጉሞች የትኛውን ይዞ መዝገብ እንደሚከፍት፣ ሐኪሙ የዚያን ዕለት ሌሊት ከቤቱ ወይም ከእስር ቤት የሚያድር መሆኑን ይወስናል።

ቃሉ በሱዳን ሕግ ውስጥ የዛሬውን ቦታ እስኪይዝ ድረስ ሁለት ረጃጅም መንገዶችን ተጉዟል። አንደኛው ከሕንድ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው ከባግዳድና ከኮርዶባ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1898 የእንግሊዝና የግብፅ ጦር በከረሪ ሜዳ የኸሊፋ ዐብዱላሂን ሠራዊት ድል ካደረገ በኋላ፣ አዲሶቹ ገዢዎች ለካርቱም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያስፈልጋቸው ነበር። ከባዶ ተነሥተው ለማርቀቅ አልደከሙም። ኤድጋር ቦንሃም ካርተር የሕግ ጉዳዮች ኃላፊ በነበረበት ጊዜ፣ በ1899 የታወጀው የሱዳን ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአመዛኙ ከሕንድ የተቀዳ ነበር። የሕንዱ ሕግ ደግሞ ቶማስ ማኮሌይ በ1837 አርቅቆት በ1860 የጸደቀ ሲሆን፣ ከሌሎች ሕጎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ድንጋጌውን ካስቀመጠ በኋላ በትንንሽ ታሪኮች ያብራራል። ከእነዚህ ታሪኮች በአንዱ አንድ ቀዶ ሐኪም ይገኛል። ሐኪሙ የሚያደርገው ቀዶ ሕክምና በሽተኛውን ሊገድለው እንደሚችል ያውቃል፤ ሞቱን ግን አይሻም፤ በበሽተኛው ፈቃድ፣ ለበሽተኛው ጥቅም፣ በቅን ልቡና ይሠራል። ሕጉ ይህ ሰው ወንጀል አልሠራም ይላል። በሌላ ታሪክ ደግሞ አደጋ የደረሰበት ሕፃን አለ፤ ወዲያው ካልተቀደደ ይሞታል፤ አሳዳጊዎቹን ፈልጎ ለማስፈቀድ ጊዜ የለም፤ ሕፃኑ እያለቀሰ ቢለምንም ሐኪሙ ይቀድደዋል። ይህም ወንጀል አይደለም።

ታዲያ «ቅን ልቡና» ማለት ደግ ሐሳብ ብቻ እንዳይመስል፣ ሕጉ ትርጉሙን በጥብቅ አስሮታል፤ ተገቢው ጥንቃቄና ትኩረት የጎደለው ሥራ በቅን ልቡና እንደተሠራ አይቆጠርም። የሐኪም መከላከያ ሁሉ ዛሬም ድረስ የሚሽከረከረው በዚህች አንቀጽ ዙሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1870 ሕንዶቹ ግዴለሽ ወይም ቸልተኛ በሆነ ድርጊት ሰው መግደልን እስከ 2 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ራሱን የቻለ ወንጀል አድርገው ጨመሩ፤ ሐሳቡም ከሌላው ጋር ተጠቅልሎ ወደ ዓባይ ዳር ተሻገረ።

በወረቀት ላይ የነበረው ጥበቃ በተግባር ምን ያህል ይፈተን እንደነበር መገመት አያስቸግርም። በዚያ ዘመን በካርቱም ሐኪም ማለት የመንግሥት ሹም ማለት ነበር፤ እንግሊዛዊ ወይም ከሶርያ የመጣ። በሽተኛው ደግሞ ተገዢ ነው። ተገዢ ሹሙን ስለ ቢላዋው አይጠይቅም። ነገሩ መለወጥ የጀመረው ሱዳናዊ ሐኪም ሲመጣ ነው። የኪችነር ሕክምና ትምህርት ቤት በ1924 በካርቱም ተከፈተ፤ በ1928 የመጀመሪያዎቹ 7 ተመራቂዎች ወጡ። ከዚያ በኋላ በሽተኛው በአልጋው ራስጌ ቆሞ የሚያየው ሰው የሚያውቀው ቤተሰብ ልጅ፣ ቋንቋውን የሚናገር፣ ሠርጉና ለቅሶው ላይ የሚገኝ ሰው ሆነ። ይህ መቀራረብ አመኔታን አመጣ፤ ተጠያቂነትንም አመጣ።

የሱዳን ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1925 ሲሻሻል፣ በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ የሐኪሞችን ዕጣ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የወሰነ ፍርድ ተሰጠ። ቤትማን የተባለ ሐኪም ያዋለዳት እናት ሞታ ጥፋተኛ ተብሎ ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ፍርዱን ሻረው። ዋናው ዳኛ ሎርድ ሄዋርት ያስቀመጡት መለኪያ ባጭሩ ይህ ነው፤ ሐኪምን ለወንጀል ቅጣት ለማብቃት በካሣ የሚጠገን ጉድለት አይበቃም፤ ጥፋቱ ለሰው ሕይወት ደንታ ቢስነትን እስከማሳየት የደረሰ መሆን አለበት። ከእንግሊዝ ሕግ ጋር በተዛመዱ አገሮች ሁሉ የጠበቆች ስንቅ የሆነው ይህ ሐሳብ ነው፤ በስሕተትና በወንጀል መካከል ያለው ርቀት በጥፋቱ ክብደት ይለካል።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ ብዙ ይርቃል። በ931 በባግዳድ አንድ ባለመድኃኒት በሠራው ስሕተት ሰው መሞቱ ለኸሊፋ አል ሙቅተዲር ተነገረ። ኸሊፋውም የሐኪሞቹ አለቃ ሲናን ኢብን ሣቢት ፈትኖ ሳይፈቅድለት ማንም እንዳያክም አዘዘ፤ የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች በከተማይቱ ለፈተና የቀረቡት ከ800 በላይ እንደነበሩ ይተርካሉ። የሕክምና ፈቃድ የሚባለው ነገር በዚያ ከተማ ከአንድ ሰው ሞት ተነሥቶ ሥር ሰደደ ማለት ነው። የእስልምና ሕግ ሊቃውንትም ጥያቄውን ከዚሁ ይጀምራሉ። ሰውየው ሙያውን ያውቃል? በሽተኛው ወይም ዘመዱ ፈቅዷል? የሠራው የሙያው ልማድ በሚያዝዘው መንገድ ነው? ሐኪምም ዳኛም የነበረው የኮርዶባው ኢብን ሩሽድ (1126–1198) ይህን ክርክር ባጠናቀረበት ሥራው፣ ሳያውቅ የሚያክመው ሰው ለግርፋት፣ ለእስራትና ለደም ዋጋ እንደሚዳረግ ይገልጻል፤ ዐዋቂው ሐኪም እጁ ሲስት ግን የሚከፈለው የደም ዋጋ፣ ማለትም «ዲያ» ነው። በአንድ ሰው ውስጥ ሁለቱ ሙያዎች መገናኘታቸው ያለ ነገር አይደለም። እኛ ሐኪም ያልነው ቃል በዐረብኛ ጥበበኛ ማለት ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ፊደል አርዝመው «ሓኪም» ሲሉት ዳኛ ወይም ገዢ ይሆናል።

ሱዳን እነዚህን ሁለት መንገዶች ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ይዛ ኖረች። ነፃነቷን ከማወጇ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1955 የሱዳን ሕክምና ምክር ቤት ተቋቋመ። ሐኪሞችን ይመዘግባል፣ ይገሥጻል፣ ያግዳል፣ ከመዝገብ ይፍቃል። መነሻ ሐሳቡ የሐኪምን ሥራ የሚመዝነው ሐኪም ነው የሚል ነው፤ ይህም እውነትነት አለው። የማደንዘዣ መጠንን ወይም የማሕፀን መቀደድን የፖሊስ ሻምበል ሊመዝነው አይችልም። የሟች ቤተሰብ ግን ከምክር ቤቱ ጠረጴዛ ማዶ የሚያየው የተከሳሹን ባልደረቦች፣ ምናልባትም አብረው የተማሩትን ነው። ሐኪሞች ስለዚህ ጥርጣሬ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ይቆጣሉ፤ መቆጣታቸው ግን ጥርጣሬውን አላጠፋውም።

በመስከረም 1983 ፕሬዚዳንት ጃዕፈር ኑመይሪ የሸሪዓ ሕጎችን ሲያውጁ ከሕንድ የመጣው ሕግ ቦታውን ለቀቀ። በ1985 ኑመይሪን ከሥልጣን ባወረደው ሕዝባዊ እንቅስቃሴ የሐኪሞችና የጠበቆች ማኅበራት ግንባር ቀደም ነበሩ። ሰኔ 30 ቀን 1989 ሥልጣን የያዙት መኮንኖች ይህን አልረሱም፤ የሙያ ማኅበራቱን በአዋጅ በተኑ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐኪሞች የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ፣ የማኅበራቸው መሪ ዶክተር መእሙን ሙሐመድ ሑሴን የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ ከብዙ ዓለም አቀፍ ጩኸት በኋላ ተፈቱ። ይህ የሕክምና ስሕተት ጉዳይ አይደለም። ሆኖም ዛሬ የሚሠራበት የ1991 የወንጀል ሕግ የወጣው፣ ስለ ረቂቁ ደፍሮ የሚከራከር ነፃ የሐኪሞች ማኅበርም ሆነ ነፃ የጠበቆች ማኅበር ባልነበረበት ሰዓት መሆኑን ሳያስታውሱ ማለፍ አይገባም።

ሕጉ ራሱ ሲነበብ ግን ከተፈራው ይልቅ የሚያስገርም ነው። አንቀጽ 132 «ቀትል ኸጣእ»ን ይደነግጋል፤ ከግዴለሽነት፣ ከቸልተኝነት ወይም ሕግን ከመጣስ የመጣ፣ ያልታሰበ ግድያ ማለት ነው። ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ሲሆን፣ የዲያ መብት እንደተጠበቀ ነው። ዲያ በመሠረቱ 100 ግመል ነው፤ በገንዘብ ሲተመን ልኩን የሚወስነው የአገሪቱ ዋና ዳኛ ነው። ማን ይከፍላል ለሚለው ጥያቄ አንቀጽ 45 ሲመልስ፣ ሳይታሰብ በተፈጸመ ግድያ ገዳዩ ብቻውን ሳይሆን «ዓቂላ»ውም ጭምር ይላል።

ይህ ቃል ቆም ብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። «ዐቀለ» ማለት ግመልን አንበርክኮ እግሩን ማሰር ነው። የጥንት ዐረቦች የደም ዋጋውን ግመሎች ነድተው በሟቹ ቤተሰብ ደጃፍ ያስሩ ነበርና ክፍያው በዚሁ ስም ተጠራ፤ ከፋዮቹም፣ ማለት የገዳዩ የአባት ወገን ዘመዶች፣ ዓቂላ ተባሉ። (በአማርኛ «አቅሉን ሳተ» የምንለው አቅልም ከዚሁ የመጣ ነው፤ አእምሮ ስሜትን አሥሮ የሚይዝ ገመድ ነው የሚል ሐሳብ ይመስላል።) ጉማ ለሚያውቅ አገር ሰው ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም፤ የአንድ ሰው እጅ የሳተውን ወገን ተሰብስቦ ይሸከማል። የ1991 ሕግ አርቃቂዎች ይህን ጥንታዊ ሥርዓት ወስደው ወገን የሚለውን አሰፉት። የአባት ዘመድ ብቻ ሳይሆን የመድን ድርጅት፣ በገንዘብ የተረዳዳ ማኅበር፣ ስሕተቱ በሥራ ላይ ሳለ የተፈጸመ እንደሆነም ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ዓቂላ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ሆስፒታሉ የሐኪሙ ጎሣ ሆነ ማለት ነው። ሐኪሞች ኋላ ቀር ብለው የሚያሙት ሕግ፣ ከብዙ ዘመናዊ ሕጎች ቀድሞ ስሕተትን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ ላለመጫን የሚያስችል በር ከፍቶ ነበር። በበሩ የሚገባበት ሰው ማነሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሐኪሙን የሚጎዳው እንግዲህ በአብዛኛው የሕጉ ቅጣት አይደለም፤ ወደ ቅጣቱ የሚወስደው መንገድ ነው። ቤተሰቡ በሐዘን ትኩሳት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «በላግ» ይከፍታል። መዝገቡ የሚከፈተው በሞት ነው፤ የተጠርጣሪው ስም ይጻፋል፤ ማሰርና በዋስ መልቀቅ ይከተላል። ሥራው በሙያው ሰው የሚመዘነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሱዳን ሐኪሞች ለዓመታት ሲጠይቁ የኖሩትም ነፃ እንውጣ ብለው አይደለም። መጀመሪያ እንመዘን፤ ከዚያ የምንታሰር ከሆነ እንታሰር ነው የሚሉት።

እንበል፣ አንዲት ምጥ የጠናባት እናት ከኡምበዳ ዳርቻ በሌሊት ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ትመጣለች። ደም እየፈሰሳት ነው። ተረኛው «ኢምቲያዝ» ነው፤ ትምህርቱን ገና የጨረሰ የተግባር ልምምድ ሐኪም። በላዩ ያለው «ናኢብ» ሌላ ቀዶ ሕክምና ላይ ነው፤ ስፔሻሊስቱ ቤቱ ነው። ጓንትና ግሉኮስ እንዲገዙ ዘመዶች ይላካሉ፤ ደም የሚሰጥ ሰው ይፈለጋል። ሊነጋ ሲል ታርፋለች፤ በቀትር ትቀበራለች። ከሳምንት በኋላ ክስ ይመጣል። የተከሳሹ ጠበቃ ምን በእጁ አለ? ሐኪሙ ፈቃድ እንዳለው የምክር ቤቱ መዝገብ ያስረዳል። ቤተሰቡ ፈቅዶ እንደሆነ የሚያሳይ የተፈረመ ወረቀት ይፈልጋል፤ ተፈርሞ ከሆነ። የተሰጠው ሕክምና የሙያው ልማድ የሚያዝዘው መሆኑን የሚመሰክር ከፍተኛ ሐኪም ይፈልጋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የሞቱ ምክንያት ነው። አስከሬኑ አልተመረመረም፤ ቤተሰቡም ያን ጊዜ አልፈለገም፤ የሃይማኖቱ ሥርዓት ቀብርን አያዘገይም። አሁን «ነብሽ»፣ መቃብር መክፈት፣ ይታዘዝ ይሆናል። የአስከሬን ምርመራ አለመኖር ለተከሳሽ መልካም ነው የሚል ጠበቃ ካለ፣ ነገሩን በግማሹ ብቻ ነው ያየው፤ ንጹሑም ሐኪም ንጽሕናውን የሚያሳይበት ማስረጃ አብሮ ተቀብሯል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ስተው የነበሩት ብዙ ናቸው፤ ደም ያላስቀመጠው፣ ስፔሻሊስት ያልመደበው፣ አምቡላንስ ያልላከው። ክሱ ላይ የሚጻፈው ግን መዝገቡ ላይ የፈረመው፣ በዕድሜ ትንሹ፣ በደመወዝ ዝቅተኛው ነው። ጎበዝ ጠበቃ የአንቀጽ 45ን ዓቂላ የሚያነሣው እዚህ ላይ ነው። ሆስፒታሉ ከፋይ ወገን ከሆነ፣ ሆስፒታሉ ስላጎደለውም ይጠየቅ ይላል።

የቤተሰቡን ወገን በክፋት ማየት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ፖሊስ ጣቢያው ለደሃ ሰው ያለ ቀጠሮ የሚገባበት፣ መልስም የሚያገኝበት ብቸኛ ቢሮ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ቤተሰቡ የሚፈልገው ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ነው፤ በሆስፒታል ኮሪደር ያጣውን ማብራሪያ ፍርድ ቤት ይፈልገዋል። የደሙ ባለቤቶች ዲያውን ትተው ይቅር ማለት ይችላሉ። በሽማግሌ አማላጅነት፣ በሐኪሙ ለቅሶ ደራሽነት ነገሩ ከዳኛ ፊት ሳይደርስ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ደይም ሠፈር ውስጥ በስደት ለኖረው ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ ግን ይህ ሁሉ የራቀ ነበር። ክስም ይቅርታም የዘመድ መብት በሆነበት አገር፣ ዘመድ የሌለው ሰው ሞት ማንን ያንቀሳቅሳል? የእስልምና ሕግ ወኪል የሌለው ሰው ወኪሉ ገዢው ነው ይላል። ገዢው ደግሞ ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረው ራሱ ነው።

ሌሎች አገሮች ለዚሁ ጥያቄ የሰጡት መልስ ይለያያል። ለሱዳን ሕግ እናት የነበረችው ሕንድ በ2005 በጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በኩል፣ ከሌላ ብቁ ሐኪም የሚታመን አስተያየት ሳይያዝ በሐኪም ላይ የቀረበ የግል አቤቱታ እንዳይታይ፣ ሐኪምም በዘፈቀደ እንዳይታሰር ወሰነች። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የወንጀል ሕጓ በቸልተኝነት ሰው መግደልን እስከ 5 ዓመት ሲያስቀጣ፣ ለተመዘገበ ሐኪም ግን እስከ 2 ዓመት ብቻ አድርጎታል። የኢትዮጵያ መንገድ በተቃራኒው ነው። የ2004 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበትን፣ ሐኪምና አሽከርካሪን በአንድ መሥመር ጠርቶ፣ ከሌላው ሰው ይልቅ ቅጣቱን ያከብድበታል፤ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና የገንዘብ መቀጮ። አንቀጽ 69 በበኩሉ ተቀባይነት ባለው የሙያ ልማድ የተሠራ፣ ከባድ የሙያ ጥፋት የሌለበት ድርጊት አያስቀጣም ሲል መከላከያውን ያኖራል። ሐኪምን ከሾፌር ጋር ማጣመሩ ሐኪሞችን ባያስደስትም፣ ሁለቱም የሰው ነፍስ ይዘው በሌሊት የሚሠሩ መሆናቸው አይካድም።

በካርቱም የፍርድ ቤቱ መንገድ ሲረዝም ሌላ መንገድ ተከፈተ፤ የቡጢ። በጥቅምት 2016 የሱዳን ሐኪሞች ሥራ ያቆሙት በሆስፒታል ውስጥ የሚደርስባቸው ድብደባ ስለበዛ፣ የሥራ ሁኔታውም ስለከፋ ነበር። በግንቦት 2020፣ የኮሮና ወረርሽኝ በበረታበት ወቅት፣ የሽግግሩ መንግሥት ሐኪሞችንና የጤና ባለሙያዎችን ከጥቃት የሚጠብቅ ሕግ አጸደቀ። ሕጉ የሚደበድበውን ሰው ይቀጣል፤ ሐኪሙ ሲሳሳት ማን ይመዝነው ለሚለው አሮጌ ጥያቄ ግን መልሱ ከዚያ አይገኝም።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ የካርቱም ችሎቶች ተዘጉ፤ አብዛኞቹ ሆስፒታሎችም ሥራ አቆሙ። ጦር ሠራዊቱ ከተማዋን በመጋቢት 2025 መልሶ እስኪይዝ ድረስ በኦምዱርማን ሥራቸውን ከቀጠሉት ጥቂት ሆስፒታሎች አንዱ የአን ናው ሆስፒታል ነበር፤ በተደጋጋሚም በከባድ መሣሪያ ተመትቷል። ወደዚያ ከሚመጡት ቁስለኞች ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ፤ አባትና እናት አብረዋቸው ላይኖሩ ይችላሉ። በ1860 የሕንድ ሕግ ውስጥ እንደ ምሳሌ የተጻፈው፣ አሳዳጊ ፈልጎ ለማስፈቀድ ጊዜ ያጣው ሐኪም፣ በዚያ ግቢ ምሳሌ መሆኑ ቀረ።